የሰባት ቁጥር አንሶላ

«እንፋሎት» የሚለውን ስም ያወጡላት የአረጋውያን መኖሪያው ሠራተኞች ናቸው። ምድር ቤት ባለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሦስት ዓመት ሙሉ ከፈላ ውሃና ከካውያ ጋር ስትታገል የኖረች ሴት ሌላ ምን ትባል? በዚያ ላይ ቁጣዋ! ቱግ ስትል ያስፈራል፣ ወዲያው ደግሞ ይወጣላታል። አንድ እግር ካልሲ ሲጎድል ትጮኻለች፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ማንኪያ ስታገኝ ትጮኻለች፤ ከዚያ ራሷው ስቃ ሥራዋን ትቀጥላለች። ሰዉም ለምዷት «ዛሬ ደግሞ ማን ነካካት?» ከማለት አያልፍም። አሁን የማወራችሁ ቁጣ ግን እንደዚያ አይደለም። ይኸኛው አልወጣላትም። አለመውጣቱም ደግ ሆነ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ፎቁ ላይ ሠላሳ የሚሆኑ አረጋውያን ይኖራሉ። የቆሸሸው ልብስ በባለ ጎማ ጋሪ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል፣ የታጠበው በዚያው ጋሪ ይወጣል። እንፋሎት ግን ፎቅ አትወጣም። ሥራ አስኪያጇ «አጣቢ ከነሽርጧ መኝታ ክፍል አትገባም፣ ለንጽሕና ሲባል» ብላ ከልክላለች። ለንጽሕና! እስቲ ከእሷ የበለጠ ንጹሕ ሰው በዚያ ግቢ ውስጥ አሳዩኝ።

አንድ ጊዜ እከክ ገብቶ ቤቱን ካመሰው ወዲህ፣ የአንዱ አንሶላ ለሌላው እንዳይነጠፍ ብላ እያንዳንዱ አንሶላና ጋውን ጥግ ላይ የባለቤቱን የክፍል ቁጥር በቀይ ክር ሰፍታበታለች። ማንም አላዘዛትም። በገዛ መርፌዋ፣ በምሳ ሰዓቷ ነው የሰፋችው። መደርደሪያውንም በቁጥር ከፋፍላ የእያንዳንዱን በየቦታው ታስቀምጣለች። ቀይ ክሩን ስታይ ደስ ይላታል፣ ምን ይደረግ፣ ሰው የገዛ እጁ ሥራ ያምረዋል።

ቋጠሮ ለእሷ ብርቅ አይደለም። ተንከባካቢዎቹ የቆሸሸውን ሁሉ አንዱ አንሶላ ላይ ከምረው፣ አራቱን ጫፍ ቋጥረው ነው የሚልኩላት። የሰባት ቁጥር አንሶላ ግን አበዛው። እንደ ገመድ ተጠምዝዞ፣ ጫፉ ላይ ድርቅ ያለ ቋጠሮ ይዞ ይወርዳል። ጥፍሯ እየተሰበረ ስላስቸገራት አንድ አሮጌ ሹካ ከሽርጧ ኪስ አይለይም፤ በሹካው ጥርስ ትፈለቅቀዋለች፣ እየፈለቀቀች ትሳደባለች። «ምን ዓይነት እጅ ነው ይሄ! ልብስ ነው ወይስ በሬ የሚያስሩት?» ትላለች። ከዚያ ታጥበዋለች። ቅዳሜ ደግሞ፣ እሁድ ጠያቂ ስለሚመጣ፣ ጭምድዱ እስኪጠፋ ድረስ ትተኩሰዋለች።

ሌላም ነገር ነበር። የጋውኖቹ ቀበቶ። ስድስት ጋውን ይወርዳል፣ አንድም ቀበቶ የለም። «ይበሏቸዋል እንዴ?» ብላ ለራሷ ስቃ አለፈችው። አያችሁ፣ ሰው አንድን ነገር በእጁ እየዳሰሰው ሳያየው ሲቀር እንዲህ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ዳሰሰችው።

አንድ ረቡዕ የጋሪው ጎማ ተሰበረ። «ማንም አይወርድም፣ ቶሎ ቶሎ ይዘሽ ነይ!» ብሎ በስልክ የጮኸባት ቶሎ ቶሎ የሚሉት ተንከባካቢ ነው። ይህ ስም የወጣለት ከአፉ ሌላ ቃል ስለማይወጣ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ያበላል፣ ቶሎ ቶሎ ያለብሳል፣ ቶሎ ቶሎ ሄዶ ቴሌቪዥኑ ፊት ይዘረጋል። እንፋሎት አንሶላዎቹን ታቅፋ ደረጃውን ወጣች። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፣ ከምሳ በኋላ ያለው ጸጥታ ነው። ተንከባካቢዎቹ ሳሎን ተቀምጠው ተከታታይ ድራማ ያያሉ። ቁጥሩን እያየች በየበሩ ስታስቀምጥ ሰባት ቁጥር ደረሰች። ከውስጥ አንድ ድምፅ «እባካችሁ» አለ። በሩን ገፋችው።

አዋላጇ ነበሩ። ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ግራ እጃቸው ከወንበሩ ግራ ክንድ ጋር፣ ቀኝ እጃቸው ከቀኙ ጋር፣ በተጠመዘዘ አንሶላ ታስረዋል። ከፊታቸው፣ እጅ በማይደርስበት ጠረጴዛ ላይ፣ ምሳቸው ቀዝቅዞ ረግቷል። የአንሶላው ጥግ ጉልበታቸው ላይ ወድቆ ነበር። ቀይ ክር። ሰባት። የገዛ ስፌቷ።

እንፋሎት አፏን በእጇ ይዛ ቆመች።

ማናቸው እኚህ አዋላጅ? በዚያ ሰፈር ግማሹን ሰው ወደዚህ ዓለም የሳቡት እኮ እሳቸው ናቸው። እንፋሎት የበኩር ልጇን ስታምጥ ሁለት ቀን ፈጅቶባታል፤ ዘመድ እንኳ ደክሞት ሄዶ ሲተኛ እሳቸው ከአጠገቧ ንቅንቅ አላሉም። «አይዞሽ ልጄ፣ እኔ አለሁ» ይሏት ነበር፣ ግንባሯን እየጠረጉ። ከስምንት ወር በፊት፣ መርሳት ሲጀምራቸው፣ መሐንዲሱ ልጃቸው እዚህ አመጣቸው። በገዛ እግራቸው፣ የአዋላጅ ቦርሳቸውን አንግበው ነው የገቡት። እንፋሎት ያን ቀን ጉንጫቸውን ስማለች። ልጃቸውም «የሆነ ነገር ካለ ደውይልኝ» ብሎ ስልኩን ሰጥቷት ነበር። ከዚያ በኋላ «ሰው ሲያዩ ይረበሻሉ» ተባለች፣ እሷም እሺ አለች። እሺ አለች!

«ልጄ፣ እጄን ፍቺልኝ» አሉ አዋላጇ፣ ማን መሆኗን ሳያውቁ። «ሴትዮዋ ምጥ ይዟታል። እየጠበቀችኝ ነው።»

እንፋሎት ተንበረከከች። ሹካዋን አወጣች። ቋጠሮውን ገና ስትነካው አወቀችው፤ ስምንት ወር ስትሳደብበት የኖረችው ቋጠሮ ነው። የልብስ ቋጠሮ መስሏት! በየቀኑ እንዲህ እየታሰሩ፣ እሷ ምድር ቤት ሆና የሰውየውን እጅ ብልሹነት ትራገም ነበር። አንዱን እጅ ስትፈታ የእጅ አንጓቸው ዙሪያ ቆዳው ተልጦ ቁስሉ አዥቷል።

«ማነው ፍቺ ያለሽ?» ቶሎ ቶሎ በሩ ላይ ቆሟል።

«አንተ! ይሄ ምንድን ነው?»

«በዘጠኝ ሰዓት ይነሣባታል። ልሂድ ትላለች፣ በር ትደበድባለች። እኛ ሁለት ሰዎች ነን ለሠላሳ።»

«ለሠላሳው ሁለት፣ ለቴሌቪዥኑም ሁለት! ቁስሉስ?»

«ቋጠሮውን መፍታት ጊዜ ይፈጃል። ከወንበሩ ፈትተን እጇን ሳብ ነው፣ ይወጣል» አለ፣ ካልሲ ስለማውለቅ እንደሚያወራ ሰው። ከዚያ ወደ አዋላጇ ዞሮ «አንቺ፣ ቁጭ በይ! ነገርኩሽ!» አላቸው።

አንቺ! የሰማንያ ዓመት እናት፣ ምናልባት እሱንም ጭምር የሳቡትን ሴት፣ አንቺ! እንፋሎት ሹካውን ጨብጣ ተነሣች። ወግታው ቢሆን ኖሮ እኔ አልፈርድባትም ነበር። አልወጋችውም። የቀረውን እጅም ፈታችና በቀጥታ ወደ ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ሄደች።

ሥራ አስኪያጇ ፈገግታ የማይለያት ሴት ናት። «ወንበር ያዢ እንጂ» አለቻት። እንፋሎት ወንበር አልያዘችም፤ ያየችውን ሁሉ ዘረገፈችው። ሥራ አስኪያጇ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

«ለደኅንነታቸው ነው። ወድቀው ዳሌያቸው ቢሰበር ማን ሊጠየቅ ነው? ልጃቸው ፈርሟል። 'ለደኅንነት አስፈላጊው እርምጃ ሁሉ' ይላል ወረቀቱ።»

«ምሳቸውን ፊታቸው አስቀምጦ ማሰርም ለደኅንነት ነው?»

«አንቺ የተቀጠርሽው ለአንሶላ ነው። ሰኞ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ፣ ሁሉም አንሶላ ይተኮስ። ዳግመኛ ፎቅ ወጣሽ የሚል ወሬ ብሰማ ደግሞ ሥራሽን እዚያው ደረጃው ላይ ጥለሽው ትወርጃለሽ።»

አያችሁልኝ፣ ተቆጣጣሪ እንኳ በቀጠሮ ነው የሚመጣው! ሳምንት ቀድሞ ይደወላል፣ ቤቱ ይታጠባል፣ አሮጊቶቹ ይበጠራሉ፣ ከዚያ «እንደምን ዋላችሁ» ተብሎ ይገባል።

ያን ዕለት ከሥራ ስትወጣ ለመሐንዲሱ ደወለች። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ይህ ነው የሚያናድደው። በጸጥታ ሰማት፣ ከዚያ «እህቴ፣ የተሳሳትሽ ይመስለኛል» አላት። «እኔ በየአሥራ አምስት ቀኑ እሁድ እሄዳለሁ። ሹራብ ለብሳ፣ ተበጥራ ነው የማገኛት። አልጋዋን ብታዪው! አንሶላው አንዲት ጭምድድ የለውም። እናቴን በደንብ ባይይዟት ለአንሶላ እንዲህ ይጨነቃሉ?»

እንፋሎት ስልኩን ይዛ መንገድ ዳር ቆመች። መኪና ያልፋል፣ ሰው ይገፋታል፣ እሷ አትሰማም። የተኮሰችው እሷ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ላቧ እየተንጠባጠበ፣ ጭምድዱን አንድ በአንድ ያጠፋችው እሷ ናት። ልጅየው እናቱን እንዳያይ ያደረገው የእሷ ካውያ ነው።

«ያን አንሶላ እኔ ነኝ የምተኩሰው» አለችው። «ሹራቡን ገልጠህ እጃቸውን አይተህ ታውቃለህ?»

«ሥራ አስኪያጇን ልጠይቃት» አለ። በማግሥቱ ጠየቃት። እሷም በዚያ ፈገግታዋ አረጋጋችው፣ እሱም ተረጋጋ። መረጋጋት የፈለገ ሰው ለመረጋጋት ጊዜ አይፈጅበትም።

እንፋሎት ጥርሷን ነከሰች። ጮኻ አይታዋለች፣ ማንም አልሰማትም። አሁን ዝም ብላ ሥራዋን ሠራች፤ እስኪገርማቸው ድረስ ዝም አለች። ሐሙስ የሰባት ቁጥር አንሶላ ወረደ። አላጠበችውም፣ አልፈታችውም። ዓርብ ወረደ። ቅዳሜ ወረደ፣ እሁድ ጠዋትም ወረደ። ሁሉንም ከነቋጠሯቸው፣ ከነሽታቸው፣ ከማድረቂያው ጀርባ በላስቲክ ጠቅልላ አስቀመጠች። ለፎቁ ከመደርደሪያው ንጹሕ ንጹሑን ላከች፤ ማንም ልብ አላለ። ሰኞ በጠዋት ሥራ አስኪያጇ ወርዳ መደርደሪያውን በጣቷ እየነካች አየችና «ጎበዝ» ብላት ወጣች። ገና ኮቴዋ ደረጃው ላይ ሳለ እንፋሎት ላስቲኩን ፈታች።

ተቆጣጣሪዎቹ ሁለት ነበሩ። አንዱ ሰውዬ የእሳት ማጥፊያ ብቻ ነው የሚያየው፣ ያገኘውን ሁሉ ገልብጦ ቀኑን ያነባል። ሌላዋ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ እግሯን የሚያማት የምትመስል ጠና ያለች ሴት ናት። ሥራ አስኪያጇ እየመራች ምድር ቤት አመጣቻቸው። ልብስ ማጠቢያው የቤቱ መኩሪያ ነዋ!

«እያንዳንዱ አረጋዊ የራሱ አንሶላ፣ የራሱ ቁጥር አለው» አለች። «የአንዱ ከሌላው ጋር በፍጹም አይቀላቀልም። የእኔ ሐሳብ ነው።»

የእኔ ሐሳብ! ዓይኗን በጨው አጥባ! እንፋሎት ሳቋ ሊያመልጣት ምንም አልቀራት።

«የፈለጉትን ቁጥር አውጥተው ማየት ይችላሉ» ብላ ጨመረች ሥራ አስኪያጇ።

«ሰባትን ይዩ» አለች እንፋሎት።

ተቆጣጣሪዋ መነጽሯን አደረገችና ከመደርደሪያው የሰባት ቁጥርን ሳበች። አራቱ አንሶላዎች እንደ ገመድ ተጠምዝዘው ተዘረገፉ፣ ሽታቸው ክፍሉን ሞላው። የእሳት ማጥፊያው ሰውዬ እንኳ ዞር አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የቆሸሸ ልብስ ነው፣ ቋጥረው ነው የሚያወርዱት» አለች ሥራ አስኪያጇ ከአፏ ነጥቃ። «ይቺ ሰነፍ ሳታጥበው...»

«የልብስ ቋጠሮ አራት ጫፍ ይይዛል፣ መሐሉም ባዶ አይሆንም» አለች እንፋሎት። አንዱን አንሥታ ቋጠሮው የተወውን ቀለበት አሳየቻት። «እጅዎን ያስገቡበት።»

ተቆጣጣሪዋ አመነታች፣ ከዚያ አስገባች። እስከ አውራ ጣቷ ሥር ሄዶ እምቢ አለ። የእሷ እጅ ወፍራም ነው። ከቀለበቱ ውስጠኛ ጎን ቡናማ የደረቀ ነገር ነበር፤ በጥፍሯ ፋቅ አድርጋ አየችው። ጥጉን ገልብጣ ቀዩን ቁጥር አነበበችና «ሰባት ቁጥር የት ነው?» አለች።

ፎቁ ያን ዕለት ሌላ ቤት ነበር። መስኮቱ ተከፍቷል፣ ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። አዋላጇ ረጅም እጅጌ ያለው ሹራብ ለብሰው መስኮቱ ጋ ተቀምጠዋል። ቶሎ ቶሎ ከአጠገባቸው ቆሞ «እማማ፣ እንግዳ መጣልዎ» አለ። ዛሬ እርስዎ!

ተቆጣጣሪዋ ጎንበስ ብላ ጠየቀቻቸው። «እማማ፣ እዚህ ሰው ያስርዎታል? አይፍሩ፣ ይንገሩኝ።»

አዋላጇ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየታቸውን ቀጠሉ። ፊታቸው ላይ ምንም የለም። ሥራ አስኪያጇ በረዥሙ ተነፈሰች። «መርሳት አለባቸው፤ የሚያውቁት ነገር የለም፣ እንዳያስቸግሯቸው።»

እንፋሎት እስከዚያ ድረስ በር ላይ ነበረች። አሁን ገባች። አንሶላው እጇ ላይ መሆኑን ረስታዋለች። አዋላጇ አንሶላውን አዩ። አዩና ቀጥ ብለው ተቀመጡ፣ ሁለት እጆቻቸውን ቀስ ብለው አነሡ፣ አንዱን በወንበሩ ግራ ክንድ አንዱን በቀኙ ላይ አስተካክለው አስቀመጡ።

«እሺ» አሉ። «እሺ፣ እሺ። አልነሣም።»

ተቆጣጣሪዋ የሹራቡን እጅጌ በሁለት ጣቷ ገልጣ አየች፤ ከዚያ ሌላውን ገለጠች። እንፋሎት አንሶላውን ወለሉ ላይ ወረወረችው። አዋላጇ እግር ሥር ተንበረከከች።

«እማማ» አለቻቸው። «ይነሡ እንጂ። ሴትዮዋ ምጥ ይዟታል። እርስዎን ነው የምትጠብቀው።»

የአሮጊቷ ዓይን በራ። «ምነው እስካሁን ሳትነግሩኝ?» አሉና ለመነሣት ታገሉ።

«ይወድቃሉ!» ሥራ አስኪያጇ እጇን ዘረጋች።

«ዞር በይ!» አለች እንፋሎት፣ የሦስት ዓመቱን አንቱታ እዚያው ጥላ። «ከወደቁ እኔ አነሣቸዋለሁ። አንቺ እኮ አንድ ጊዜ እንኳ እንዲቆሙ አልፈቀድሽላቸውም!»

ቆሙ። እግራቸው ስምንት ወር የረሳውን እየፈለገ መሬቱን ዳበሰ። በእንፋሎት ክንድ ተደግፈው አንድ እርምጃ ሄዱ፣ ሌላ ሄዱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ተቆጣጣሪዋን ከላይ እስከ ታች አዩአትና «ምን ቆመሽ ታያለሽ፣ ውሃ አፍዪ!» አሏት። ተቆጣጣሪዋ «እሺ እማማ» ብላ ተከተለቻቸው።

ኮሪደሩ ላይ ግራ ቀኙን እያዳመጡ ሄዱ። ስምንትን አለፉ፣ ዘጠኝን አለፉ። መጨረሻ ላይ የተዘጋ በር አለ፣ አሥራ አንድ ቁጥር። «እዚያ ያሉት ዕረፍት ላይ ናቸው፣ አይረበሹ» አለች ሥራ አስኪያጇ፣ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥኖ። አዋላጇ ግን ከውስጥ አንድ ነገር ሰምተዋል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ በር ውጭ ቆመው ሲያዳምጡ የኖሩት ዓይነት ድምፅ ነው። ገፍተው ገቡ።

አልጋው ላይ አንዲት ደቃቃ አሮጊት ተኝታለች። እጇም እግሯም ከአልጋው ብረት ጋር ታስሯል። በአንሶላ አይደለም፤ በጋውን ቀበቶ ነው። ሰማያዊ፣ ግራጫ፣ ሮዝ። እንፋሎት ስድስቱንም ቆጠረቻቸው። «ይበሏቸዋል እንዴ» ብላ የሳቀችባቸው ናቸው።

አዋላጇ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። የሴትዮዋን ግንባር በመዳፋቸው ጠረጉ። «አይዞሽ ልጄ፣ እኔ አለሁ» አሏት። «ከጀመረሽ ስንት ጊዜ ሆነ?»

«ከትናንት ጠዋት ጀምሮ» አለች አሮጊቷ።

ተቆጣጣሪዋ ስልኳን አውጥታ ለፖሊስ መደወል ጀመረች። አድራሻውን ሁለት ጊዜ ተሳሳተች። ቶሎ ቶሎ ወደ ደረጃው ሊያፈገፍግ ሲል የእሳት ማጥፊያው ሰውዬ በሩን ይዞ ቆመበት። አዋላጇ ይህን ሁሉ አላዩም። ቆዳው በተላጠ እጃቸው የመጀመሪያውን ቋጠሮ ይዘው ይታገላሉ፣ ጣታቸው ግን አቅም የለውም፣ እየዳጣቸው ነው።

እንፋሎት ከሽርጧ ኪስ ሹካዋን አወጣችና ሰጠቻቸው።